የእህቴ ባል ቀይ ቁልፍ

የእህቴ ባል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ ስሙ ለሹፈት የወጣ መሆኑን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ አሳንሰር እጠግናለሁ። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር «ቁልፍ ተጫኚዋ መጣች» እያለ ሲቀበለኝ ለእህቴ ስል ጥርሴን እነክሳለሁ።

ጡረታ በወጣ ማግስት የእህቴን የስፌት ክፍል ወረሰና ሲኤንሲ የሚባለውን፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገጣጠመበት። የእህቴ የስፌት መኪና ኮሪደር ላይ ተጣለ። በስድስት ወር የሠራው አንድ የተንጋደደ ማንኪያ ብቻ ነው፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳየዋል።

አንድ ቅዳሜ ማሽኑ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ቀይ ቁልፍ ገጥሞ ጠበቀኝ።

«የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ነው። በገዛ እጄ ያሰርኩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከቁልፉ ወጥተው ማሽኑን የሚያዘው ቦርድ ላይ ያልቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቦርዱን እባክህ አቁም ብሎ መለመን ነው። ቦርዱ ራሱ ከደነዘዘ ማን ይሰማዎታል? ቁልፉ መብራቱን ነው መቁረጥ ያለበት።»

«አንቺ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ለእኔ?» አለና ወደ እህቴ ዞሮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በሳምንቱ እኔም ባለሁበት የድሮ ባልደረቦቹን ጠርቶ ማሽኑ ስም ሲቀርጽ ሊያሳያቸው ተነሣ። የራሱን ስም ነው እንግዲህ፣ የማንን መሰላችሁ? ሦስተኛው ፊደል ላይ ቦርዱ ደነዘዘ። ማሽኑ ባለበት ተገተረ፤ መቁረጫው ግን መሽከርከሩን ሳይተው እንጨቱን ያሳርር ጀመር። ፕሮፌሰር ቀይዋን ቁልፍ እንደ በር ደወል ይደጋግማታል። ጭሱ ክፍሉን ሞላው።

«ኧረ አቁመው!» አለ አንዱ እንግዳ።

ይባስ ብሎ ፕሮፌሰር እንጨቱን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ መቁረጫው እጅጌውን ጠቅልሎ ሳበው። ዘልዬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ተተልትሏል፤ ጣቶቹ ተርፈዋል። እህቴ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«ዛሬ የመብራቱ ኃይል ልክ አይደለም» አለ ሰውዬው፣ ያለ ምንም ሐፍረት።

በነጋታው መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። ኮንታክተር የሚባለውን ትልቅ ማብሪያ ገዝቼ ቁልፉን ከሱ ጋር አሰርኩት። አሁን ቁልፉ ሲጫን ወይም የቁልፉ ሽቦ ሲበጠስ የሞተሮቹም የመቁረጫውም መብራት ባንዴ ይቋረጣል፤ ማስነሻውን ዳግም ሳይጫኑም አይነሣም። እሱ ከጀርባዬ ቆሞ «እኔም ልክ እንደዚህ ነበር ያሰብኩት» ይላል።

ሠርቼ ስጨርስ እሱ ማሽኑን አስነሣ፤ ይሄኔ እህቴ ገባች። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ሳለ ባሏን ሳታስፈቅድ ቁልፉን መታችው። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

«ምን ማለትሽ ነው? ሥራዬን አበላሸሽው እኮ!» ብሎ ጮኸባት።

«ማየት ፈልጌ ነው» አለችና ወጣች።

ዛሬ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ጥንቃቄ ይሰብካል። ቁልፉን የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ ይላል አሉ።