በስድስት ቁጥር የሞትኩት ሞት

ከአሰላ የወጣሁት የሱብሂ አዛን እንዳበቃ ነው። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም ነበር። እማዬ ጋቢዋን እኔ ላይ ጣል አድርጋ፣ እሷ እየተንቀጠቀጠች የሚኒባሱን በር ይዛ ቆመች። ሳታለቅስ ልትሸኘኝ ምላ ስለነበር ወሬዋ ሁሉ ስለ ዕቃ ሆነ። እኔ ሲም ካርዴን ሰጠኋት፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ቁጥሬ እንዳይጠፋ በባለ ቁልፍ ስልኳ ውስጥ እንድታኖርልኝ። እሷ በፕላስቲክ ጣሳ ጩኮ ሰጠችኝ። ገብሱን ራሷ ቆልታ ያስፈጨችው፣ ከበቆጂ ባስመጣችው ቅቤ ያሸችው ነው።

ቦሌ ስንደርስ ቅቤው ከሻንጣዬ መሽተት ጀመረ። አብረውኝ የሚጓዙት ልጆች ተያይተው ሲሳሳቁ አየሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጣሳውን እጅ መታጠቢያው ሥር ትቼው ወጣሁ። ሻርጃ ገብቼ ስደውል የእማዬ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነበር። «ከጓደኞቼ ጋር በላነው፤ ጣታቸውን ላሱ» አልኳት። ደስታዋን ብትሰሙት!

ሻርጃን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እኔ ሙቀት የማውቀው ከአሰላ ወደ ዴራ ቆላ ስንወርድ ነበር። የዴራ ሙቀት ለካ ጨዋ ነው፣ ሲመሽ ይተኛል። እዚህ የቧንቧው ውሃ ራሱ ሻይ ያፈላል። ቀን ትምህርት ቤት አጸዳለሁ፤ የማድረው ደግሞ «ቤድ ስፔስ» በሚሉት ነው፤ የሚከራየው ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ሐዋ የሲሬ ልጅ ናት፤ አፏ መራራ፣ ልቧ ንጹህ። «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪው» ትለኝ ነበር ስልኬን ባየች ቁጥር። «ኮዱን ቢወስዱብሽ እንኳ አንቺ ብቻ የምታውቂው ፒን ያግዳቸዋል።»

«የጽዳት ሠራተኛ ስልክ ማን ይፈልጋል?» እላታለሁ። መልእክት የምለዋወጥበት አካውንቴ የተከፈተው እማዬ ጋ በተውኩት ቁጥር ነው፤ ኮድ ቢመጣም የሚገባው አሰላ፣ እናቴ እጅ ነው። ከእናት በላይ ምን ጠባቂ አለ ብዬ ነው።

አንድ ቀን ከሰፈራችን እድር ጸሐፊ አካውንት መልእክት መጣ። «ውጭ ያላችሁ አባላት እንደገና እየተመዘገባችሁ ነው። በቁጥርሽ የሚደርሰውን ኮድ ላኪልን። ካልሆነ ስምሽ ይሰረዛል» ይላል። የጸሐፊውን አካውንት ሌቦች ቀድመው እንደወሰዱት በምን ልወቅ? እኔ የታየኝ ከእድሩ ከወጣሁ ለእማዬ ማን ድንኳን ይተክልላታል የሚለው ብቻ ነው። ደወልኩላት። መነጽሯን አድርጋ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ሳትሳሳት በመጨረሷ ኮርታ «እንዴት ነኝ?» አለች። «ጎበዝ!» ብዬ ኮዱን ላክሁት። ወዲያው ከገዛ አካውንቴ ተባረርኩ።

ያኔውኑ ደውዬ «እማዬ፣ ተሸውደናል» ብላት ሁሉም እዚያው ባለቀ ነበር። አፈርኩ። ኩራቷን ማበላሸት ከበደኝ፤ ነገ እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሙዲር የምንለው ሐበሻው አከራያችን ስልኩን ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። በእኔ አካውንት መልእክት ደርሶታል፤ «የዚህ ስልክ ባለቤት ፎዚያ አርፋለች፤ አስከሬኗን ለመሸኘት እርዱን» ይላል።

«ሞተሻል እኮ» አለኝ።

«ኧረ አልሞትኩም!»

«እዚህ ተጽፏል። አልጋውን የሚጠብቅ ሰው አለ።»

«ሙዲር፣ እያናገርኩህ እኮ ነው!»

«እሱን አያለሁ። ግን ሳያሳውቅ ለሄደ ሰው ዲፖዚት አይመለስም፤ አስቢበት።»

ይህ መልእክት ለሙዲር ከደረሰ አሰላማ ገብቷል። ሂሳብ ስላልነበረኝ በሐዋ ስልክ ደወልኩ። የሌላው ሰው ቁጥር ሁሉ ከአካውንቴ ጋር ስለሄደ በቃሌ የማውቀው ቁጥር አንድ ነው፣ የራሴው፣ እማዬ ስልክ ውስጥ ያለው። ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። አካውንቴን የማስመልስበት ኮድም የሚገባው እዚያው ዝግ ስልክ ላይ ነው።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ስልኩን «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብለው ከእማዬ ወስደው አጥፍተውታል። እትዬ አስካለ ከጎጃም ተመድበው መጥተው አሰላ የቀሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እናት በድንገት እንዳትሰማ ስልኳ ይወሰዳል፣ ሰው ተሰባስቦ በማለዳ ይነግራታል። እድሩም ሥራውን አሳምሮ ሠራ፤ እኔ ለእማዬ እንዳይቀርባት ብዬ ኮዱን የሰጠሁበትን ድንኳን ለእኔው ተከለልኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ እንደገና ስሞክር ስልኩ ጠራ። እትዬ አስካለ የዘመድ ቁጥር ሊፈልጉ ከፍተውት ነው።

«ማን ልበል?»

«እትዬ አስካለ፣ ፎዚያ ነኝ።»

«አንቺ ሌባ! ደሞ በሞተች ልጅ ስም ትደውያለሽ?»

ከኋላቸው ልቅሶ ይሰማኛል። ከሁሉም ድምፅ መሀል የእማዬን ለየሁት፤ ስሜን እየጠራች ነበር። እዚህ ሆኜ የራሴን ለቅሶ ሰማሁ።

«አይዝጉት! ልጅ ሳለሁ መርፌ ሊወጉኝ ሲሉ አውራ ጣትዎን ነክሼ አድምቼዎታለሁ!»

«በስመ አብ!» ሲሉ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ።

ድንኳኑ ሲፈርስ ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ሌባውን ረገመ አሉ። ለዚያ ሌባ ገንዘብ የላኩም አሉ፤ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ ማንም አይነግረኝም፤ ከአሰላ ሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር ይሄኛው ይሆን እላለሁ። እትዬ አስካለ አዲሱን ኮድ አነበቡልኝ፣ አካውንቴ ተመለሰ፣ ፒኑንም አበራሁ። ሐዋ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ስድብ አልወጣትም፤ እሱ ባሰኝ። እናንተም እንደኔ እህል ውሃ ፍለጋ የወጣችሁ፣ ፒናችሁን ዛሬውኑ አብሩ፤ ኮድ የሚጠይቃችሁ እድሩም ቢሆን አትስጡ።

እማዬ ግን ፒኔን አላመነችም። እትዬ አስካለ «ሌቦች ድምፅም ያስመስላሉ» ብለዋታል። አሁን ስደውል ያ ረጅሙ ሰላምታችን ቀርቷል፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ «ልጄ» ብላ ጠርታ ትፈትነኛለች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ከሆንሽ ጩኮውን ምን አደረግሽው?»

«ከጓደኞቼ ጋር በላነው፤ ጣታቸውን ላሱ።»

«አዎ፣ ልጄ ናት!» ትልና ሰላምታው ይጀመራል። ከብቱ ደህና ነው፣ ገብሱ አሽቷል፣ መቼ ነው የምትመጪው? እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ግን እውነቱን የተናገርኩ ቀን የሌላ ሰው ልጅ ነሽ ብላ ስልኩን ትዘጋብኛለች።