ያልታጠበው እግሬ

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ «አባባ፣ ይህን ይዩልኝ!» አለኝ። የጃፓን ገጠር ነው። መንገድ መሪ ከፊት፣ ቱሪስቶች ከኋላ፣ በብስክሌት የሩዝ ማሳውን ይዞራሉ። ሲመሽ ገበሬ ቤት ያድራሉ፤ ገበሬው ውሃ አሙቆ ከቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ እንግዳውን ያስታጥባል። ልጁ ደስ የሚለኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ «ዝጋው!» ብዬ ጮኽኩበት። ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ወጣ። ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በንጉሡ ዘመን፣ ከቢቸና ሞጣ ስሄድ።

ያኔ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ክራባት ካሰርኩ ወዲህ ከእኔ በላይ የተማረ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ኬንጂ የሚባል ዝምተኛ ጃፓናዊ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይሠራል። በጥቅምት አንድ ቀን፣ «አገሩን በብስክሌት ማየት እፈልጋለሁ፤ ትመራኛለህ?» አለኝ። የሞጣ ልጅ ነኝና መንገዱን አውቀዋለሁ። እሱ የራሱን፣ እኔ የትምህርት ቤቱን ብስክሌት ይዘን ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን።

ጥቅምት እንዴት ያለ ወር ነው! ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፤ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ጠጥሯል። ኬንጂ በየማሳው እየወረደ ከገበሬ ጋር በእጅ ያወራል፤ አንዲት ሴት ያቀበለችንን የባቄላ እሸት እየፈለፈልን በላን። ከደብረ ወርቅ አለፍ እንዳልን የእኔ ጎማ ተነፈሰ። ለጠፍነው፤ እንደገና ተነፈሰ። ብስክሌታችንን እየገፋን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ደጃፍ ደረስን።

«ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነን!» አልኩ።

አባወራው አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡን። የእንግዳ እግር የሚያጥበው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ለሩቅ አገር ሰው ግን እሳቸው ራሳቸው ተነሡ። ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዘው ኬንጂ እግር ሥር ተንበረከኩ።

እኔ አፈርኩ። ሽማግሌ ተንበርክኮ እግር ሲያጥብ ያየ የውጭ አገር ሰው ምን ይለናል? ኬንጂ የጫማውን ክር ሊፈታ ጎንበስ ሲል፣ «አታውልቅ፤ ውሃው ለሌላ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ምነው ልጄ፣ እግሩን ምን ነካው?» አሉ አያ ተገኘ።

«ሐኪም ውሃ እንዳይነካው ከልክሎታል።»

«እንግዲያ ያንተን አምጣ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ፤ «የኔም ይቅር» አልኩ።

ገበቴውን ይዘው ተነሡ። ከዚያ ውጭ ወጥተው ውሃውን ሲደፉት ሰማሁ። ዶሮ አርደው አበሉን፤ እሳቸው ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሱም።

በማግሥቱ ጎማውን ዳግም ለጥፈን ሞጣ ገባን፤ ሻይ ቤት ተቀምጠን ኬንጂ ስለ ውሃው ጠየቀኝ። እኔ ጅሉ እየሳቅሁ ነገርኩት፤ «ከኋላ ቀር ልማድ አዳንኩህ» ብዬ ጨመርኩበት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባቴ ገበሬ ነው» አለኝ። «እንግዳ ሲመጣ መታጠቢያውን በእንጨት ያሞቃል። እንግዳው ሳይታጠብ አባቴ ውሃውን አይነካም። አንተ ግን እኔን ባለጌ አደረግኸኝ። ተነሥ፣ እንመለስ።»

«ለእግር ውሃ ብለን? አብደሃል!» አልኩት።

ብቻውን ሄደ። ዳግመኛም ምራኝ አላለኝም። እኔ ደግሞ ለወራት ውለታ ቢስ እያልኩ አማሁት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ መሆኔ ሳያንስ፣ ለውጭውም አልጋ ሳልሆን ቀረሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጭነት መኪና ሳልፍ እዚያ ደጃፍ አጠገብ ቆምን፤ ወርጄ ጠየቅሁ። አያ ተገኘ ሞተዋል። ባለቤታቸው አወቁኝ።

«ያ ጓደኛህ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ» አሉኝ። «ቋንቋ የለው፣ ምን የለው፤ ጫማውን አውልቆ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። እሳቸውም እየሳቁ አጠቡት። ‹የሰው አገር ሰውስ መጣ፤ የልጃችን እግር ግን ቀረብኝ፤ ምን አስቀይሜው ይሆን?› እንዳሉ አረፉ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር አሉ። «ተቀመጥ፣ ውሃ ላሙቅልህ።»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነፋው፤ ብጠይቀው ይጠብቀኝ ነበር። «ቸኩያለሁ እናቴ» ብዬ ሮጥኩ።

በዚህ ዕድሜዬ ስለዚያ ጥሩምባ ሳስብ አሁንም ጥርሴን አፋጫለሁ። የእግር ውሃውን ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ፤ ለሁለተኛው በፈረንጅ ፊት አፈርኩ ብዬ እንኳ ማመካኘት አልችልም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን አልወረድኩም።

ልጁ ከትናንት ጀምሮ ወደ ክፍሌ አልመጣም። ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኛል። እስካሁን አልጠራሁትም።