መዳፉ የሰማው መዝሙር

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጅ እንዴት እንደሚያጉረመርም ታውቁት የለ? ትናንት ከሰዓት አዳማ ቤቴ ውስጥ እንደዚያ ሲነሳ፣ ሳላስበው መዳፌን ጎኑ ላይ ለጠፍኩ። ትንሿ ልጄ አይታኝ ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

አባቴ የቆቃ ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተር ነበር። "ኢንተላ ኮ" ነበር የሚለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ሥራ ቦታው ይዞኝ ይሄዳል። ከግድቡ የሚወርደው ውሃ ተርባይኑን ሲያዞረው የአዳራሹ ወለል ከእግር ሥር ይነዝራል። የሞቀው ዘይትና የእርጥቡ ሲሚንቶ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ለዚያ ሁሉ ጩኸት የጆሮ መከለያ ተሰጥቶታል፤ እሱ ግን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይውላል። ጆሮን ዘግቶ ማሽን መጠበቅ አይሆንለትም፣ ግትር ነበር አባዬ! መዳፉን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ከዚያ "ዛሬ በደንብ እየዞረች ነው" ይለኛል።

በዚያው ጆሮው ደከመ። መጀመሪያ የሚኒባስ ረዳቶቹን ጥሪ፣ ቀጥሎ የእናቴን ጭቅጭቅ መስማት ተወ። እሷማ ሆን ብሎ ነው ትል ነበር። ያኔ እኔ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እንድዘምር ስመረጥ ደስታዬ ግማሽ ሆነ። እኔ የምፈልገው አባዬ እንዲሰማኝ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ምን ያደርግልኛል?

እሁድ መዝሙሩን ገና ስጀምር አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ቀስ ብሎ መጥቶ መድረኩ ሥር ያለው ትልቁ ስፒከር ላይ መዳፉን አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ።  ካቆምኩ እጁ ባዶ ሊቀር ነው፤ እንደምንም እስከ መጨረሻው ዘመርኩ።

ስንወጣ ትከሻዬን ያዘ። የራሱን ድምፅ መመጠን ስለማይችል ግቢው ሁሉ ሰማው።

"ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ በደንብ ዞረሻል።"

ሰው ሲስቅ እናቴ ቀስ በል እያለች በእጇ ታሳየዋለች፤ እሱ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ትናንት ልጄ ሳቋን ጨርሳ መጣችና እጇን ከእጄ አጠገብ ለጠፈች። "እማ፣ ምን ይላል?" አለችኝ።

እጇን ጠበቅ አድርጌ ብረቱ ላይ ያዝኩላት። አሁን መስማት ያማረኝ እኔ ነኝ፤ ያንን ግቢው ሁሉ የሰማውን የአባዬን ድምፅ። ፍሪጁ ዝም እስኪል እጃችንን አላነሳንም።