በክሎዜት ውስጥ የበቀለችው

ቸሩ ወልደሰንበት ሰው ሲንቅ ድምፁን ከፍ አያደርግም ነበር። አፍንጫውን ትንሽ ነፋ አድርጎ «እሺ ይሁን» ይላል፤ በቃ። ይቺን «እሺ ይሁን» የሰማ ሁሉ ከስድብ የከፋች መሆኗ ወዲያው ይገባዋል። ሴንት ፖል ውስጥ ያልደረሰችው ሰው አልነበረም። የአሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌሮች፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባላት፣ አዲስ መኪና ገዝተው ሊያሳዩት የመጡ ያገር ልጆች፣ ሁሉም ተቀብለዋታል።

ለመናቅ የሚያበቃ ታሪክ አለኝ ብሎ ያምናል። ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ወጥቶ ሃያ ዓመት ያህል በሊሙ በኩል የመንግሥት የቡና ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። በየዓመቱ ሁለት መቶ ሺህ ችግኝ ከእጁ ይወጣል። አንድ ጭብጥ አፈር በጣቱ ፈትጎ ምን እንደጎደለው ይናገራል፤ ገበሬዎቹም ዲፕሎማ ብቻ እንዳለው እያወቁ «ዶክተር» ይሉት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ተበተነ፣ እሱም በናይሮቢ በኩል አድርጎ በፈረንጆች ዘጠና ሁለት ሚኒሶታ ገባ። እዚህ የሰጡት ሥራ ዳውንታውን ካለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሥር፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ቲኬት መቀበልና የበሩን እንጨት ማንሳት ነው። ከሰዓት በኋላ ገብቶ ማታ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ እጁ አፈር አልነካም።

አሜሪካኖችን በሣራቸው ይንቃቸው ነበር። «ያበቅሉታል፣ ያጭዱታል፣ አጭደው ይጥሉታል» ይላል። «ከብት የላቸው፣ በግ የላቸው። ሣር አምላኪዎች!»

የሚኖረው ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ወርቂ የምትባል ኤርትራዊት ባልቴት ቤት ውስጥ ነው። ወርቂ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ታችኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ ላይኛውን ለሁለት ሰው አከራይታለች። አንደኛው ቸሩ ነው። ሁለተኛው ዋቁማ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ሲሆን፣ ከኤርፖርት እስከ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ቫን ድራይቭ ያደርጋል። ነቀምቴ ከተማ መሃል፣ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው ያደገው። ቸሩ «የአስፋልት ልጅ» ይለዋል፤ ዋቁማ ግን ሳቂታ ስለሆነ ንቀትን እንደ ቀልድ ነበር የሚቆጥረው።

በዘጠና አራት ኅዳር ላይ ዋቁማ የፎቶ ፊልም የሚቀመጥባትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ኩሽና ገባ።

«ጋሽ ቸሩ፣ እርስዎ እርሻ ተምረዋል አይደል?»

«ተምሬያለሁ።»

«ዘር በምን ያህል ጥልቀት ነው የሚቀበረው?»

ቸሩ ዕቃዋን ወስዶ መዳፉ ላይ ገለበጣት። አምስት ፍሬ፣ ግራጫ፣ ነብርማ ነጠብጣብ ያለባቸው። አንዷን በሁለት ጣቱ አሽቶ አየ።

«የምንድን ነው?»

«የ… አበባ ነው።»

«ይሄ አበባ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ።»

ዋቁማ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ እውነቱን አወጣ፤ የሐሺሽ ዘር ነው። የቫኖቹ ጋራዥ ውስጥ አብሮት የሚሠራ ዴል የሚባል ፈረንጅ ነው የሰጠው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ እየተቀመጠ ወገቡን እያመመው ነው፤ አንዲት ዛፍ ብቻ፣ ለራሱ ብቻ፣ ልብስ በሚሰቅልበት ክሎዜቱ ውስጥ። «ዴል እንደ አረም ነው የሚበቅለው ብሎኛል።»

«አረም ማብቀል የሚያስተምር ኮሌጅ አልገባሁም» አለ ቸሩ። «ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። ደግሞ የሰው ቤት ነው።» ከዚያ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ «እሺ ይሁን» አለና ወደ ክፍሉ ሄደ። ለወርቂ አልተናገረም። የሚናገርበት ምክንያት አልታየውም፤ የዚህ ልጅ እጅ ምንም እንደማያበቅል እርግጠኛ ነበር።

አልተሳሳተም። ዋቁማ በቡና ቆርቆሮ አፈር ሞልቶ ዘሮቹን ጣቱ እስኪሰጥም ቀበራቸው። ጠዋት ጠዋት በቅሎ እንደሆነ ለማየት እየቆፈረ ያወጣቸዋል፣ አይቶ ይመልሳቸዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ ያጠጣል። ከሥራ ሲመጣ ሬጌ ይከፍትላቸዋል።

«ሙዚቃ ይወዳሉ ይባላል» አለ።

«ጆሯቸው በየት በኩል ነው?» አለ ቸሩ።

ሁለቱ ዘሮች አፈር ውስጥ በሰበሱ። ሦስተኛው በቀለና ከመስኮቱ የምትመጣዋን የክረምት ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ተመዘዘ፣ ተመዘዘና አንገቱ ላይ ተቀንጥሶ ወደቀ። አራተኛው አንድ ሳምንት ኖረ። ቸሩ ይህን ሁሉ ሻዩን ይዞ፣ የዋቁማን በር ተደግፎ እየተመለከተ ነበር። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ክረምት የተዝናናበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። እያንዳንዷ ቡቃያ ስትሞት ስለ ሰው ልጅ ያለው አስተያየት ትክክል መሆኑ ይረጋገጥለታል።

አምስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ ዘር፣ በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ ተረፈች። ዋቁማ ክሎዜቱ ውስጥ የፍሎረሰንት መብራት ሰቅሎላት ነበር። ግን ቢጫ ናት፣ ቅጠሎቿ ወደ ታች ተሰብስበዋል፣ እንደታመመች ዶሮ።

በየካቲት ዋቁማ የእህቱ የዳራርቱ ሠርግ ዴንቨር ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰደ። ሻንጣውን ይዞ ቸሩ በር ላይ ቆመ።

«ጋሽ ቸሩ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ውኃ ብቻ…»

«እኔን? የሐሺሽ ውኃ ቀጂ?»

«ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ።»

«ሂድ፣ ሠርግህ እንዳያመልጥህ» አለና በሩን ዘጋበት።

ሁለት ቀን አልገባም። በሦስተኛው ቀን ገባ። ለራሱ የነገረው መሞቷን ሊያይ እንደሆነ ነው። ክሎዜቱን ከፈተ፣ ቆርቆሮውን አነሳ፣ ከበደው። ገለበጠና ሥሩን አየ። ቀዳዳ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ውኃ ሲንቆረቆርበት የኖረ ዕቃ፣ አንዲት ቀዳዳ የለውም! ቸሩ በሰው ላይ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም። በጀርባው ቁስል ላይ የተጫነ አህያ ያየ ሰው እንደሚቆጣው ነበር የተቆጣው። «ደንቆሮ» አለ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ። «ደንቆሮ፣ ደንቆሮ።» ከኩሽና ምስማርና መዶሻ አምጥቶ ቆርቆሮውን በሳው። የገማ ውኃ እጁ ላይ ፈሰሰ።

እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር። በማግስቱ ግን የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ለበረዶ የሚበተነውን አሸዋ በከረጢት ይዞ መጣ። ጨው አለበት ብሎ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰባት ጊዜ አጠበው። ከሱቅ የተገዛውን አፈር ዘርግቶ ደቃቁን ከሻካራው ለየ፣ ከአሸዋው ጋር አዋሐደ፣ ሰፋ ያለ ባልዲ በሳስቶ ሞላ። ከዚያ ችግኟን ከነአፈሯ በግራ እጁ ጣቶች መካከል ይዞ ገልብጦ አወጣት፤ የበሰበሰውን ሥር በጥፍሩ ቆረጠ፣ ደህናውን ዘረጋግቶ አስቀመጠ፣ በሁለት አውራ ጣቱ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገ። ጨርሶ ቀና ሲል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እንደነበር አወቀ። የሥራ ሰዓቱ አርባ ደቂቃ አልፎበት ነበር።

ዋቁማ ሲመለስ ክሎዜቱን ከፍቶ ጮኸ።

«ጋሽ ቸሩ! ይምጡ፣ ይዩ! እኔ ሳልኖር አደገች!»

ቸሩ መጣ። ችግኟ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ሆና፣ ቅጠሎቿን እንደ ተዘረጋ እጅ ወደ ላይ አንስታ ቆማለች። ምስጋናውን ሊቀበል አፍንጫውን አዘጋጅቶ ነበር።

«ሚስጥሩ ገባኝ» አለ ዋቁማ። «ብቻዋን መሆን ነው የምትወደው። ለካ ስጨቀጭቃት ነበር።»

«ባልዲውስ?»

«አዎ፣ ባልዲው አሪፍ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ዋናው ጽሞናው ነው።»

ቸሩ «እሺ ይሁን» አለ። ውስጡ ግን እርር ድብን አለ።

ከዚያ ወዲያ ዋቁማ ጠዋት ሥራ ሲወጣ፣ ቸሩ በካልሲ ብቻ ወደ ክሎዜቱ ይገባል። ጫፏን ይቀነጥባል፣ መብራቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ የቅጠሎቿን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ቅጠሉን አጭሶ አያውቅም፣ ሊያጨስም አልፈለገም፤ የሚያጨሱትን ደግሞ ከሣር አምላኪዎቹ በታች ነበር የሚያያቸው። እሱ የፈለገው ተክሉ በትክክል እንዲቆም ብቻ ነው። ማታ ቸሩ ከሥራ ሲመለስ ዋቁማ ኩሽና ተቀምጦ ስለ ተክል ያስተምረዋል። «ተክል ፍቅር ነው የሚፈልገው፣ ጋሽ ቸሩ። እናንተ መጽሐፍ ትላላችሁ፤ እኔ ግን በስሜት ነው የማውቃት።» ሁለት መቶ ሺህ ችግኝ ያወጣ ሰው ይህን ቁጭ ብሎ ሰማ። አራት ወር ሙሉ ሰማ።

ሰኔ ሲገባ ተክሏ ከቸሩ ደረት ደረሰች፣ አበበች፣ ሸተተች። መስኮት ቢከፈት፣ ሎሚ ቢቀቀል ሽታው አልለቅ አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወርቂ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ግድግዳ ውስጥ አውሬ ሞቷል» አለች። «የት እንደሆነ እስቲ ልየው።» ማንም ሳይከለክላት ሽታውን ተከትላ የዋቁማን ክፍል፣ ቀጥሎም ክሎዜቱን ከፈተች።

ዋቁማ ከኋላዋ ደርሶ ፊቱ አመድ መሰለ። ቸሩ በር ላይ ቆመ። ወርቂ ግን ተክሏን ከላይ እስከ ታች አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቤት አበባ ነው፣ እትዬ ወርቂ። ብርድ እንዳይመታው ብዬ» አለ ዋቁማ።

«በሰኔ?» አለች። ቢሆንም እጇን ዘርግታ አንድ ቅጠል ነካች። ወርቂ የጓሮ ጎመን እንኳ የማይጸድቅላት ሴት ናት። «ሽታው አያድርስ ነው እንጂ እንዴት ያምራል! እንዲህ አድርጎ ያሳደገው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዋቁማ፣ ፍርሃቱ ትንሽ ለቀቅ ብሎት። «ስሜት ነው፣ እትዬ። አንዳንድ ሰው እጁ…»

«አንተ?» አለ ቸሩ።

ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ወርቂ መስኮት ክፈቱ ብላ ልትወርድ ነበር። ቸሩ ግን የሰባት ወር ንቀቱን መያዝ አልቻለም።

«አንተ ነህ ያሳደግካት? ቀዳዳ በሌለው ቆርቆሮ ውስጥ አስጥመህ ልትገድላት የነበርክ? እየቆፈርክ ዘር የምታይ? ይህ ግንድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጫፏ ሁለቴ ባይቀነጠብ እንዲህ ትሰፋ ነበር? ወንድ ትሁን ሴት እንኳን ታውቃለህ? ሴት ናት! በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ፍሎረሰንት መብራት፣ እንዲህ ያለች ካናቢስ ከዚህ እስከ ሚኒያፖሊስ ፈልገህ አታገኝም! ያሳደግኳት እኔ ነኝ!»

ወርቂ እጇን ከቅጠሉ ላይ አነሳች።

«ካናቢስ ማለት?» አለች ወርቂ ቀስ ብላ።

ቸሩ ጥያቄ የሚመልስ አስተማሪ ሆኖ ነበርና መለሰ።

«ሐሺሽ።»

«ዋይ ኣነ!» አለች ወርቂ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቤቴን ሊወስዱብኝ! አሥራ አንድ ዓመት የሰው አዛውንት አንስቼ ያገኘሁትን ቤት!» ከዚያ ተነሳች። እስከዚያ ቀን «አቶ ቸሩ፣ እርስዎ» ነበር የምትለው። «ንቀል» አለችው። «አሁን። እዚሁ እያየሁህ።»

ቸሩ ባልዲውን አጋድሞ ግንዱን ይዞ ሳበ። ሥሩ የባልዲውን ቅርጽ ይዞ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ጥጥ ተሸምኖ ወጣ። «ሥሩን እይው» አለ ለዋቁማ፣ አላስችል ብሎት። «ሥር ማለት ይሄ ነው።» ማንም አላየም። በቢላ ከታትፈው በሁለት ጥቁር ላስቲክ አሰሩት።

ወርቂ ፍርዷን ኩሽና ውስጥ ሰጠች። ዋቁማ እያለቀሰ በእናቱ ማለ፤ ተወችው። ቸሩን በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቅ አዘዘችው።

«ዘሩን ያመጣው እሱ፣ ክሎዜቱ የሱ» አለ ቸሩ። «ምንድን ነው ፍርዱ?»

«እሱ ቂል ነው። ቂል ይማራል» አለች። «አንተ ግን ተምረህ ጨርሰሃል።»

ቸሩ ወደ ክፍሉ ሄደ። «እሺ ይሁን» እንኳ አላለም።

ዌስት ሴንት ፖል፣ ከሮበርት ስትሪት አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየ። ዋቁማ አንድ ጊዜ በቫኑ መጥቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሞከረ፤ ቸሩ በሩን ከፍቶ አየውና ዘጋው። የዘጋው በንዴት ሳይሆን በዕፍረት እንደሆነ ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በሚቀጥለው ሚያዝያ አበባና ችግኝ ከሚሸጥ የመስታወት ቤት ደጃፍ ላይ የሠራተኛ ይፈለጋል ማስታወቂያ አየ። ሁለት ቀን አልፎት ሄደ፤ በሦስተኛው ገባ።

አለቃው የሃያ ሁለት ዓመት ፈረንጅ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ውኃ ማጠጫ ቱቦ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማሰሮ ውስጥ አፈር እስከ የት እንደሚሞላ አሳየችው። ስህተት ታስተምር ነበር፤ አፈሩን አብዝታ ትጠቀጥቀዋለች። ቸሩ አፍንጫው ሲነፋ ተሰማው። ያዘው።

«ዬስ» አለ።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ሄደች። እሷ ከዞረች በኋላ የጠቀጠቀችውን አፈር በጣቱ ፈታ ፈታ አደረገ፤ ቀኑን ሙሉም አራት መቶ ፔቱኒያ አጠጣ፣ ሽታ የሌለው፣ ፍሬ የማይሰጥ፣ በክረምት የሚሞት ነገር፣ አሜሪካኖች አበባ ብለው የሚጠሩትን።