ጠንቋዩ ጠበቃዬ

እኔ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ስልክ ሳወራ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና እመላለሳለሁ። ያኔማ ይብስ ነበር። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ተማሪ ሳለሁ የማነበው ቆሜ፣ ክፍሌን እየዞርኩ ነው፤ ታች የሚኖሩት አሮጊት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድቡብኝ ነበር። ሌክ ሜሪት የሚባለውን ሐይቅ የምዞረውም ለጤናዬ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ነገር ሲቆጠቁጠኝ እግሬ አልቆም ስለሚል ነው።

የማጠናውም ሰው እንደኔው አርፎ ያልተቀመጠ ነው። ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዋክብቱም፣ ዕፅዋቱም፣ ድንጋዩም፣ ቁጥሩም በማይታይ ኃይል የተሳሰሩ ናቸው ብሎ የሚያምን ፈላስፋ ነበር፤ ይህንኑ በትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ቀጥሎ ደግሞ የሰው ዕውቀት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሌላ መጽሐፍ ጻፈና፣ ሁለቱንም አሳተማቸው! ወይ ድርቅና! መነኮሳቱ ሲያሳድዱት፣ ጌቶቹ ደመወዙን ሲከለክሉት፣ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ኖረ። ጥቁር ውሻው ሳይቀር ሰይጣን ነው ተብሎ ተወራበት።

የአገሬ ልጆች ታዲያ ባገኙኝ ቁጥር "ጠንቋይሽ ደኅና ነው?" ይሉኛል። ከሁሉም የሚብሰው የጓደኛዬ ባል ነው። ሳኒቬል የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲናገር ጠረጴዛ ይደበድባል። "ሕዝብ እየተራበ አንቺ ጠንቋይ ታጠኛለሽ? በይ እስቲ እጄን አንብቢልኝ!" ይለኝና እንሳሳቃለን። ፕሮፌሰሬም ለምን ይህን ሰው እንደመረጥኩ ሲጠይቁኝ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ። እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አሁን በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት፤ ያኔ ግን ከአፌ አይወጣም ነበር። በኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ልጁም ይወርሰዋል ይባላል። በሠራችው ድስት ወጥ ሠርቶ የሚበላው ሁሉ እሷን ከቤቱ አያስገባትም። ገበያ ተቀምጠን ልጅ የታቀፈች ሴት ስትመጣ፣ እናቴ በክርኗ ነካ ታደርገኝና "አቀርቅሪ" ትለኛለች። አቀርቅሬ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሴትየዋም የልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና፣ ድስቷን መርጣ ትሄዳለች።

ጓደኛዬ ይህን አታውቅም። ሴት ልጅ ስትወልድ "ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፣ አለቀ" አለችኝ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልል ስል ነርሷ ደንግጣ እየሮጠች መጣች። እኔ እህት የለኝም፣ ወንድም የለኝም። በዚያ ሰፊ አገር የኔ የምላት ሰው ልትኖረኝ ነው! ከዚያ በኋላ ከቤታቸው አልጠፋም። ጡጦ አጥባለሁ፣ የልጅ ልብስ አጣጥፋለሁ፣ ወጥ አማስላለሁ። ልጅቷን ታቀፊያት ስትለኝ ግን "ጉንፋን ይዞኛል" እላለሁ። "ያንቺ ጉንፋን ደግሞ አይለቅም እንዴ?" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን እነሱ ቤት ምሳ ላይ ከሳን ሆዜ የመጣ አዲስ ተማሪ አብሮን ተቀመጠ። የየት አገር ልጅ ነሽ ሲለኝ ነገርኩት። የእናቱም አገር እዚያው ኖሯል። "የማን ልጅ?" አለ ደስ ብሎት። የአባቴን ስም ጠራሁ። ሊጎርስ ያነሣውን እንጀራ ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው። ከዚያ ወዲያ አልበላም፣ ቀና ብሎም አላየኝም።

በማግሥቱ ስደውል ባልየው አነሣና "ተኝታለች፣ ኮል ታደርግልሻለች" አለኝ። አልደወለችም። ደግሜ ስደውልም ያው ነው። ከሎስ አንጀለስ የሚመጣው ቄስ ልጅቷን የሚያጠምቃት በመጪው እሑድ ነው፤ እኔ ለክርስትናው የገዛሁት ነጭ ቀሚስ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። ሐይቁን ዞርኩ። ደግሜ ዞርኩ። ዳክዬ የሚመግቡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ "ምን ጠፋብሽ?" አሉኝ። በመጨረሻ እግሬ ራሱ ወደ አፓርትመንታቸው ወሰደኝ።

በሩን የከፈተው ባልየው ነው። "ግቢ" አለኝ፤ እሱ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለም። ገፍቼው ገባሁ።

"ልጅቷ ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብላለች" አለ ወለሉን እያየ። "ይኸውልሽ፣ እኔ እንኳ አላምንበትም። ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ሰውም ብዙ ያወራል፣ ለምን ነገር እናበዛለን? ለጊዜው ሌላ ሰው..."

"ጭቁኑ ሕዝብ እያልክ ጠረጴዛ ስትደበድብ እናቴን ጨምረህ ነው ሳትጨምር?"

በሩን ዘጋው።

"ቁጭ በል፣ ስለ ጠንቋዬ ልንገርህ" አልኩት። እኔ ሳሎኑን እየዞርኩ ነው። አንዲት የገጠር ሴት ጠንቋይ ናት ተብላ እንደታሰረች፣ ማስረጃውም እናቷ ጠንቋይ ተብላ መቃጠሏ እንደነበር ነገርኩት። የኔ ሰው ያን ጊዜ የከተማው ጠበቃ ነው። ሴትየዋ ተጠምቃለች፤ ክፋት ከእናቷ ወርዶባታል ካላችሁ ጥምቀቱን ከንቱ አደረጋችሁት ብሎ ተሟገተላት። አስፈታት። እሱ ጠላት አተረፈና ብዙም ሳይቆይ ከተማውን ለቆ ሄደ። "ሰውየውን የመረጥኩት ለከዋክብቱ ብዬ አይደለም። ለዚህች ሴት ብዬ ነው" አልኩት።

ባልየው አሁንም ወለሉን ያያል።

"አስማት የሚያጠናው ሰው ነፃ አወጣት። አንተ ሳይንስ የተማርከው..." አልኩና ፊቱ ቆምኩ። "እኔም ተጠምቄያለሁ። ያ ውሃ እኔን ካላጠበኝ፣ እሑድ ልጃችሁን ወስዳችሁ ምን ሊያደርግላት ነው?"

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ጓደኛዬ ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ አብጧል። ልጅቷን ታቅፋለች፣ የልጅቷ ፊት በነጠላ ተሸፍኗል። ምንም ሳትናገር መጥታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሞቃለች፣ ቀላል ናት። በተነፈሰች ቁጥር ነጠላው ከፍ ዝቅ ይላል።

"ሸፍነሽ ነው የምትሰጪኝ?" አልኳት። "ግለጪያት እንጂ!"

"አንቺ ግለጪያት" አለች። "ክርስትና እናቷ አይደለሽም?"

ነጠላውን ገለጥኩት። ገለጥኩትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። አስቤ አይደለም። እናቴ በክርኗ ነካ ያደረገችኝ መሰለኝ።

ጓደኛዬ አገጬን ይዛ መለሰችኝ። "ምን ሆነሻል? እያት" አለችኝ እያለቀሰች። "ምንም አትሆንም፣ እያት።"

አየኋት። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወተት ደርቆባታል።