በራሴ ቁመት የለካሁት በር፦ ከቶንፒንግ እስከ ሸሪካት

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ቶንፒንግ፣ ጁባ

ቤት ጭኜ ጉዞ ጀመርኩ። የቤት ዕቃ አላልኩም፤ ራሱን ቤቱን ነው። አርባ የቲክ ዛፍ ግንድ በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ ተጋድሟል። ጫፍና ጫፉን በመሮ ፈልፍዬ አንዱ ግንድ ሌላውን እንዲነክስ አድርጌዋለሁ። ግቢዬ ውስጥ ገጥሜ ፈትኜው፣ ገብቼ ወጥቼበት፣ መልሼ ፈታሁት። የገባሁትም የወጣሁትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ይመጣል።

ለማታውቁኝ ልናገር፤ የሚያውቁኝማ ሰልችቷቸዋል። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ ገብቼ ግን ወንበሩን ሰርቻለሁ። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። አናጢነትን ያስተማረኝ ማንም የለም። ሜትር በኪሴ ይዤ አላውቅም፤ ክንዴ፣ ስንዝሬና ቁመቴ ይበቁኛል።

የዚህን ቤት ንድፍ ያገኘሁት ከግድግዳ ካላንደር ነው። በረዶ የሸፈነው ተራራ ሥር፣ ግንድ በግንድ ላይ ተደርቦ የተሰራ ጎጆ። ሦስት ቀን አየሁትና ገባኝ። ጣሪያውን እንደ ካላንደሩ ሹል ማድረጌን ያየ ጎረቤቴ፣ "በረዶው እንዲንሸራተት ነው?" አለኝ። ጁባ ውስጥ በረዶ የሚገኘው ለስላሳ በሚሸጡ ሰዎች ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። "ለዝናብም ያገለግላል" ብዬ አለፍኩት።

ቤቱ የኛማል ነው። ኛማል ጋምቤላ በስደት ያደገች የኑዌር ልጅ ናት። ሰላሙ ከተፈረመ በኋላ ተመልሳ እዚህ ቢሮ ትሰራለች፤ አማርኛዋ ከእኔ ከኢትዮጵያዊው የጠራ ነው። ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ያቆመችውን የጭቃ ክፍል ምስጥ ጨርሶባታል። እናቷ ደግሞ ከሃያ ዓመት ስደት በኋላ ነገ እሁድ በወንዝ ትገባለች።

"ጋሼ፣ ቤት አለኝ ብያታለሁ" አለችኝ። "እንዳታዋርደኝ።"

"ማንን መሰልኩሽ?" አልኳት።

1 ሰዓት ተኩል፤ ጁባ ታውን

ገበያው ገና መዝጊያዎቹን እያነሳ ነው። የሽንኩርት ጆንያ፣ የቻይና ባትሪ፣ የተከመረ ፍራሽ። ከሾፌሬ ከላዶ ጋር ቆመን ፉል በዳቦ በላን። ላዶ የባሪ ጎሳ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ለመሳቅ የሚቸኩል። የምንግባባው እኔ ከገበያ በለቀምኩት ዐረብኛ ነው።

ሚስማርና ቆርቆሮ የገዛሁት ከአንድ የጅማ ልጅ ሱቅ ነው። ዕቃዬን እየቆጠረ፣ "አባባ፣ ሜትር ልጨምርልዎት? አሥር ፓውንድ ነው" አለኝ።

"ሜትር ለማያውቅ ሽጥለት።"

"እሺ አባባ፤ ተመልሰው ከመጡም ይኖራል" አለ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

3 ሰዓት፤ ድልድዩ ላይ

ድልድዩ የብረት ነው፤ መኪና በተራ ያሳልፋል። ፊታችን ውሃ የጫነ ቦቴ፣ ኋላችን ፍየል የጫነ ፒክአፕ። ከታች ነጭ አባይ ጭቃ ለብሶ፣ ሣር እየገፋ ይወርዳል። ሙቀቱ ከብረቱ ይነሳል። አንድ ወታደር ግንዶቹን በዱላ እየነካ ዞረን።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቤት ነው" አልኩ።

"ቤት? በሩ የታለ?"

"በሩ ቀዳዳ ስለሆነ አልጫንነውም።"

ላዶ ይህን ለወታደሩ ሲተረጉም መሪውን እየመታ ሳቀ። ወታደሩም ሳቀና አሳለፈን። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ብልህ ንግግሮች አንዱ ነው ብዬ እስከ ሸሪካት በልቤ ደጋገምኩት።

5 ሰዓት፤ ሸሪካት

አቧራው ቀይ ነው፤ ቤቶቹ ሸራ፣ ጭቃና ቆርቆሮ። ላዶና ሦስት ጎረምሶች ያነሳሉ፣ እኔ አዛለሁ። ግንዱ በግንዱ ላይ እየነከሰ ወጣ። ሰው ተሰበሰበ። እኔ በእጄ ቱንቢ ይዤ፣ ማንም ባይጠይቀኝም፣ ጥርሱ እንዴት እንደሚፈለፈል ለሰዉ አስረዳሁ።

ወደ 10 ሰዓት ግድም የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ። ላዶ ጥላ ፈልጎ ወደ ውስጥ ሲገባ ቤቱ ድው አለ። ግንባሩን ይዞ ተመለሰ።

"ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ይሄ በር ለማን ነው?"

እኔ ቁመቴ መካከለኛ ነው፤ አጭር የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ስማቸውን አልጠቅስም። በሩን የለካሁት ግድግዳው ሥር ቆሜ፣ ከራሴ በላይ አንድ ስንዝር ጨምሬ ነው። ለጋስነት መስሎኝ ነበር።

"ሙቀት እንዳይገባ ነው" አልኩት።

"ሙቀቱ ረጅም ነው?" አለ ላዶ፣ ግንባሩን እያሸ።

ኛማል ከሥራ መጣች። ግድግዳውን ዳሰሰች፣ ፈገግ አለች፣ ወደ በሩ ሄደች። የላይኛው ግንድ ቅንድቧ ላይ ደረሰ።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ በቁመት ትበልጠኛለች።"

መጋዝ አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ። ከበሩ በላይ ያለውን ግንድ ብቆርጠው በላዩ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ጣሪያውን አይችልም። ወለሉን ብቆፍር የመጀመሪያው ዝናብ ቤቱ ውስጥ ይተኛል። ኛማል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ጠዋት፤ ወደቡ

ሲነጋ ወገቤ እንዲታመም ፈለግሁ፤ ወገቤ እንቢ አለ። ስለዚህ ሄድኩ።

ከጀልባው ሰው ከፍራሹ፣ ከድስቱ፣ ከዶሮው ጋር ይወርዳል። የኛማል እናት ማማ ኛኩዎት ብረት ድስት በራሷ ላይ አድርጋ ወረደች። እናትና ልጅ ሲተቃቀፉ ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርጋል፤ እኔ ሴትዮዋን በዓይኔ በስንዝር እለካለሁ። ድስቱን ሳልቆጥር እንኳ አይሆንም።

4 ሰዓት፤ ሸሪካት

ማማ ኛኩዎት ከመኪናው ወርዳ ቤቱን ፊት ለፊት አየችው። ድስቱን መሬት አስቀመጠች። እኔ ከጎማው ኋላ ነበርኩ።

ጎንበስ አለች። አንድ እጇን በላይኛው ግንድ ላይ አሳርፋ፣ ለመቶኛ ጊዜ እንደምትገባ ሰው ገባች። ከዚያ ጋምቤላ ገበያ በለመደችው አማርኛ፣

"ማነው የሰራ?" አለች።

"እኔ ነኝ።" ከዚያ ያነሰ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም።

"ያገሬን በር ማን አሳየህ? የእናቴ ጎጆ በሩ እንዲህ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ። ስደት ላይ ሃያ ዓመት ቆሜ ገባሁ፣ ቆሜ ወጣሁ።" በበሩ አንገቷን ብቅ አደረገች። "ማን አሳየህ?"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

"አጥንቼ ነው" አልኩ።

ኛማል ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አማርኛ የማይሰማው ላዶ እንኳ ገብቶት፣ ያበጠ ግንባሩን ይዞ መኪናው ላይ ተደገፈ።

"ግባ፣ ውሃ ጠጣ" አለችኝ ማማ ኛኩዎት።

ደረቴን ነፍቼ፣ ቀጥ ብዬ ገባሁ።

"ቆይ አንተ!" አለች። "በሩን ታውቃለህ፤ እንዲህ ነው የሚገባ?"

ወደ ውጭ ተመለስኩ። ከራሴ በላይ አንድ ስንዝር ክፍት ነው፤ የለካሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።