የአባቴን ድምፅ የያዘው ላፕቶፕ

የእኔ ቁጣ አፍንጫዬ ላይ ነው የሚቀመጠው። ተማሪዎቼ ያውቁታል፣ ጎረቤት ያውቀዋል፣ ያሳደጉኝ አባቴማ ከማንም በላይ ያውቁታል። ስለዚህ በዚያ ጥር ላፕቶፑ ቀጥ ባለብኝ ቁጥር ማን ላይ እንደጮኽኩ ልደብቅ ብልም የሚያምነኝ የለም።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተ ልሔም ተቀምጠው ስንቱን ተማሪ ዜማ አስተምረዋል። አንገታቸው ላይ ያለችው እንቅርት ለብዙ ዓመት ዝም ብላ ኖረች፤ አምና ግን ማደግ ጀመረች። ሲተኙ ታፍናቸዋለች፣ ሲያዜሙ ትንፋሻቸውን ትቆርጣለች። ባሕር ዳር ወስጄ አሳየኋቸው፤ ሐኪሙ ከጥምቀት በኋላ ትውጣ አለ። ቀጥሎ ፊት ለፊት ነገራቸው፦ «አባ፣ የድምፅዎ ነርቭ አጠገቧ ነው። እንጠነቀቃለን፤ ግን ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።»

አባቴ አልደነገጡም፣ ወይም ደንግጠው ደበቁኝ። መንገድ ላይ «እንግዲያው ከዚያ በፊት ሥራ አለብኝ» አሉ።

ሥራቸው ይሄ ነው፤ ተማሪ ሁልጊዜ የሚሳሳትባቸውን የድጓ ቦታዎች ከመምህራቸው እንደተቀበሉት በድምፃቸው ማስቀረት። ከሁሉም በላይ የሚጨነቁለት አንድ ረጅም የፋሲካ ዜማ ነበር። መምህራቸው ከማረፋቸው በፊት በመጨረሻ ያቀኑላቸው እሱን ነው። «ይሄ ከእኔ ጋር ከጠፋ እዚያ ቤት ምን ብዬ እገባለሁ?» ይሉኝ ነበር። እዚያ ቤት የሚሉት ሰማይን ነው።

በዚያን ጊዜ አርብ ገበያ ከተማ እኔ ቤት ገብተዋል። እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የራሳቸውን ድጓ ወንበራቸውን ለተረከበው ደቀ መዝሙራቸው ትተውለት ሲመጡ፣ እኔ አስቀድሜ ገጹን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። «በቃልዎ ያውቁት የለ?» ብላቸው «በቃሌ ነው ብሎ የሚመካ ነው የሚስተው» አሉኝ። ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስክሪን ተውሼ አመጣሁና ላፕቶፑን ዶክ ላይ ሰካሁት። ዶክ የሚባለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ላፕቶፑን በአንድ ገመድ ከትልቁ ስክሪን፣ ከኪቦርዱና ከማይክሮፎኑ ጋር ያገናኘዋል። ጠረጴዛዋ ጠባብ ስለሆነች ላፕቶፑን ከድኜ ከስክሪኑ ኋላ አስቀመጥኩት። አንዷ ፊደል ቡጢ አክላ ስትመጣ አባቴ ሳቁ፤ «እሰይ! ይሄስ ለዕውርም ይበቃል» አሉ።

ጠዋት ቀረጻውን አስጀምሬላቸው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ሰው ፊት ሳል ሲያቋርጣቸው ስለሚያፍሩ ብቻቸውን መቅረጽ ይወዳሉ። ገጽ መግለጫዋን ቁልፍ አሳየኋቸው፤ ሲጨርሱ የሚጫኗትን ደግሞ በጥፍር ቀለም ቀይ ቀባኋት። ቀይ ስትሆን ወዲያው ገባቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ዘለው አያውቁም።

አጫጭሮቹ ዜማዎች በደህና ተቀረጹ። ረጅሙ ላይ ስንደርስ ግን መከራችን ጀመረ። ለምሳ ስመለስ ስክሪኑ አንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብሏል፤ ቁልፍ ብትነካ ወይ ፍንክች! ላፕቶፑን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ቀረጻው ተዘግቶ ስላልተቀመጠ ድራሹ ጠፍቷል። አባቴ ከጎኑ ተቀምጠው እንደ ሕመምተኛ ያዩታል።

«ምን ነካው?» አሉኝ።

«ይግላል አባባ፤ ሲግል ይደነዝዛል።»

አንገታቸውን ዳበስ አድርገው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጉሮሯቸው በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይችልማ።

ደብረ ታቦር ኮምፒውተር የሚጠግን የትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ፤ ደወልኩለት። ክፈቺና አቧራውን ጥረጊ አለኝ፤ ፈትቼ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። ገመዱን ቀይሪ አለኝ፤ ቀየርኩ። ሶፍትዌሩን አድሺ አለኝ፤ ኔትወርክ ለምኜ አደስኩ። በነጋታው አባቴ ዜማውን እንደገና ከመጀመሪያው አዜሙት፤ እንደገና ቀጥ አለ። ቅዳሜ እኔው ራሴ አጠገቡ ተቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ ዶክ ላይ አሠራሁት፤ አንዴም ቀጥ አላለም። «አየሽ፣ ዳነ» አሉ አባቴ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስመለስ ያው ነው። ሦስተኛ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ነው አፌን መያዝ ያቃተኝ። «አባባ፣ እኔ ስኖር ደህና ነው፣ እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ ነው የሚበላሽ! ምን እየነካኩት ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ካሳየሽኝ ቁልፍ በቀር ጣቴን አላሳረፍኩበትም፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። ድምፃቸው ከጠዋቱ ዜማ የተነሣ ሰልሎ ነበር። እኔ ግን ይቅርታ ከማለት ይልቅ ድስቱን እያንኳኳሁ ምሳ አቀረብኩ። አንዳንድ ሰው ይቅርታውን በድስት ነው የሚል።

ወደ ባሕር ዳር ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን «አንዴ ልሞክር፤ ከዚህ በኋላ ግን ጉሮሮዬን አላምነውም» አሉ። አስጀምሬላቸው ሄድኩ። ያን ቀን አንድ መምህር አባቱ ሞተውበት ለቅሶ ስለነበር ተማሪው በእረፍት ተለቀቀ። የፈተና ወረቀቴን ታቅፌ ወደ ቤት መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውጭ ድምፃቸው ይሰማኛል። ቀጥኗል፣ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አጮልቄ አየሁ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። ከስክሪኑ ኋላ የተከደነው ላፕቶፕ ታጥፎ በተደራረበ ነጭ ጨርቅ ጎንና ጎኑ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨርቁ የእናቴ ነጠላ ነው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አባቴ ድጓቸውን የሚጠቀልሉት በዚያ ነጠላ ነበር፤ ድጓውን ለደቀ መዝሙራቸው ሲሰጡ ነጠላዋን ግን ይዘዋት መጥተዋል።

በስመ አብ! የስንት ቀን ምስጢር በአንድ እይታ ተፈታ። ግን ምን ላድርግ? ከተናገርኩ ዜማው ይቋረጣል፣ ዝም ካልኩ ላፕቶፑ ይደርቃል። ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ጣት ገባሁ። አባቴ አዩኝ፤ ሳያቋርጡ እንዳጠፋ ተማሪ መቋሚያቸውን ነቀነቁብኝ። እኔም ተንበርክኬ ነጠላውን ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጎኑን ከፍ አድርጌ ሁለት ደብተር ከሥሩ አስገባሁና በፈተና ወረቀቱ አራግበው ጀመር። ሃምሳ ልጅ የተፈተነበት ወረቀት እፍ እፍ ይላል። ገጹ ይገለጥ ይሆን ብዬ በእያንዳንዱ ቁልፍ ልቤ ይቆማል። ይገለጣል። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ሊሰበር ሲል በእናቴ ስም ተሳልኩ። እጄ እስኪዝል አራገብኩ፤ በመጨረሻ አባቴ ጎንበስ ብለው ቀዩዋን ተጫኑ። ቀረጻው ተቀመጠ። መሬት ላይ እንደተንበረከክኩ አለቀስኩ።

«ምን ሆነሻል? እያራገብሽ ልታስቂኝ ነበር» አሉኝ።

«አባባ፣ ለምን አለበሱት?»

ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «ተከድኖ አየሁታ። ድጓ ተዘግቶ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? ሲታመም ጊዜ ግን እገልጥለት ነበር፣ አየር ያግኝ ብዬ።»

ለካ እኔ ከመድረሴ በፊት ነጠላውን ገልጠው፣ አጥፈው፣ ጭናቸው ላይ ያኖሩት ነበር። እጃቸውን ያዝኩና ላፕቶፑ ጎን፣ ትኩሱ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አሳረፍኩት። «በዚህ ነው የሚተነፍሰው» አልኳቸው። ጣታቸውን ብዙ ጊዜ እዚያ አቆዩት። «አፍኜው ኖሯል! እኔ መታፈንን እያወቅሁ» አሉ። ያኔ ነው ያንን ይቅርታ በአፌ ያልኩት፤ ጉንጫቸውን ስሜ።

እንቅርቷ በደህና ወጣች። ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ ጆሮ አስጠግተው የሚሰሙት ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። አርብ ገበያ ከተመለስን በኋላ አንድ ጠዋት ላፕቶፑን ክፈቺው ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ። ረጅሙን ዜማ ከፈትኩላቸው። የገዛ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጭናቸውን እየመቱ ተከተሉ። መሃሉ ላይ ሲደርስ የወረቀቴ እፍ እፍ ከዜማው ሥር ብቅ አለ፤ ዜማው ቆሻሻ የገባበት መሰለኝና አፈርኩ።

«ይሄን ድምፅ በፕሮግራም ማጥፋት ይቻላል አባባ፤ ላጥፋው?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ተይው» አሉኝ። «ተማሪዎቹ ሲጠይቁ፣ ልጃቸው ናት፣ ትንፋሽ ስትሰጣቸው ነው በያቸው።»